ዱባይ የረሳሁት ጫት ድሬ ስገባ ለምን ጠበቀኝ?

ጥያቄው፦

«ሰላም ዶክተር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ ጫት እቅም ነበር፤ መጨረሻ ላይ በየቀኑ ሆነ። ከዚያ ለሥራ ዱባይ ሄድኩ። እዚያ ጫት ክልክል ነው። መጀመሪያ አካባቢ እንቅልፍና ዱካክ (ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት) አስቸገሩኝ እንጂ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ትዝም አላለኝ። ተላቀቅኩ ብዬ ነበር። ባለፈው ወር ወደ አገሬ ተመለስኩ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጓደኞቼን ልጠይቅ ብዬ ድሮ ወደምንቅምበት ቤት ገባሁ። እጣኑ ሲሸተኝ አፌ ምራቅ ሞላ፤ እጄ ላብ በላብ ሆነ። አቦ፣ ምን ልበልህ፣ ራሴን አላገኘሁትም። አሁን በየቀኑ ነው። እናቴ ‹አስነክተውብህ ነው› ትላለች። አጎቴ ‹ወኔ የለህም› ይላል። እውነት ይሄን ያህል ደካማ ነኝ? እዚሁ መተው ይቻላል ወይስ ተመልሼ ዱባይ ብሄድ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አልተነካህም። ወኔም አላጣህም። ጫትንም ዱባይ ላይ አልረሳኸውም ነበር። እዚያ የተማርከው እዚያ አለመቃምን ነው። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ አለመቃም ሌላ ትምህርት ነው፤ እሱን ገና አልጀመርክም። እዚሁ መተው ይቻላል ወይ ላልከው፣ ይቻላል። እንዴት የሚለው ግን ትንሽ ወሬ ይፈልጋልና ታገሠኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከምራቅህ እንጀምር። «አፌ ምራቅ ሞላ» ያልከው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ የሩሲያ ፊዚዮሎጂስት ነበር። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የምግብ መፈጨትን ያጠና ነበር፤ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። የውሾችን ምራቅ ይለካል። ጉንጫቸው ላይ ቀዳዳ አበጅቶ የምራቁን ቱቦ ወደ ውጭ አወጣው፤ ምራቁ ጠብ ጠብ ሲል እያንዳንዷ ጠብታ ትቆጠራለች። ችግሩ፣ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ ምራቁ መውረድ መጀመሩ ነው። ምግብ የሚሰጣቸውን ሰው ሲያዩ ይጀምራሉ። ኮቴውን ሲሰሙ ይጀምራሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሥራዬን አበላሹት» ብሎ ያማርር ነበር። ፓቭሎቭ ግን የቀረ ዕድሜውን ለዚህችው ነገር ሰጠ።

ሙከራው ቀላል ነው። ሜትሮኖም፣ ያቺ ለሙዚቃ ምት መጠበቂያ የምትውለው ዕቃ፣ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ወዲያው ምግብ ይመጣል። ይሄ ሲደጋገም ቀጭታው ብቻውን ምራቅ ያወርዳል። (ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ደወል ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ግን ሜትሮኖሙም፣ መብራቱም፣ ሌላ ሌላውም ድምፅ ይሠራ ነበር። በወሬ የገነነው ደወሉ ነው።) ቀጥሎ ቀጭታውን ያለ ምግብ ደጋግሞ ያሰማቸዋል። ጠብታዎቹ እየቀነሱ ሄደው ይቆማሉ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ላንተ የሚሆነው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ውሻው አርፎ፣ ጊዜ ወስዶ ሲመለስ ቀጭታውን አሰሙት። ምራቁ እንደገና ወረደ። በመሃል ማንም ምንም አልሰጠውም። ፓቭሎቭ ከዚህ የተረዳው የድሮው ትምህርት እንዳልተፋቀ ነው። ታፍኖ ተቀምጦ ነበር። እዚያ ቤት በር ላይ ቆመህ እጣኑ ሲሸትህ የወረደው ምራቅ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ እንምጣ። ማርክ ቡተን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ። የሙያ ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው ቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱና ሌሎች የሠሩት ሙከራ እንዲህ ነው። አይጧ አንድ ሳጥን ውስጥ ድምፅ ትሰማለች፤ ከድምፁ ጋር እግሯን ኤሌክትሪክ ይነካታል። ድምፁን መፍራት ትማራለች። ከዚያ ሽታውም ወለሉም ወደተለየ ሌላ ሳጥን ይወስዷታል። እዚያ ድምፁ ይሰማል፤ ኤሌክትሪክ የለም። እየቆየ ፍርሃቱ ይለቃታል። «ዳነች» ትላለህ። ወደ መጀመሪያው ሳጥን መልሰህ ድምፁን ስታሰማት ግን በድን ሆና ትቀራለች። ፍርሃቱ እንዳለ ነው።

ይሄ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው፤ በፍርሃትም፣ በምግብም፣ በአደንዛዥ ነገርም። የመጀመሪያው ትምህርት በሄድክበት ሁሉ አብሮህ ይሄዳል። «ከእንግዲህ የለም» የሚለው ሁለተኛው ትምህርት ግን እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው፤ ከተሰጠበት ቀበሌ ወጥቶ ብዙም አያስከብርም።

አንተ ደግሞ ከአይጧም ያነሰ ነው የሠራኸው። እሷ ቢያንስ ድምፁን ያለ ኤሌክትሪክ ሰምታዋለች። አንተ ዱባይ ላይ እጣን ሸቶህ ሳትቅም የዋልክበት ቀን የለም። ፍራሹ የለም፣ ጀማው (አብሮ የሚቅመው ሰው) የለም፣ ዙርባው (የጫቱ እስር) የለም። ያልመጣ ጥያቄ እንዴት ይመለሳል? ሁለት ዓመት መቆየትህ ሰውነትህን አሳርፎታል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ግን ጊዜ ብቻውን አያጠፋውም።

ለዚህ በሰው ላይ የታየ ትልቅ ማስረጃ ከቬትናም ጦርነት ይመጣል። በ1971 የአሜሪካ መንግሥት ደነገጠ። እዚያ የዘመቱት ወታደሮቹ ሄሮይን በርካሽ እያገኙ ይጠቀሙ ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ በዚያ ዓመት ከተመለሱት ወታደሮች መካከል የተመረጡትን ተከታትላ አነጋገረች። ከአምስቱ አንዱ ያህል ቬትናም ላይ ሱስ ይዞት ነበር። ሁሉም «አገራችን በሱሰኛ ልትሞላ ነው» ብሎ ጠብቋል። የሆነው ሌላ ነው። ሱስ ይዟቸው ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱስ የተመለሱት 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የተመለሱት 12 ከመቶ ነበሩ። ብዙዎቹ ይሄ ነው የሚባል ሕክምና አላገኙም።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። አገራቸው ሲገቡ ሄሮይኑ ውድ ነው፣ ያስይዛል፣ ሥራና ቤተሰብ አለ፣ ጦርነቱም ቀርቷል። ግን ልብ በል፤ ልማዱን የተማሩበት ቦታ ሌላ፣ የሚኖሩበት ቦታ ሌላ ሆነላቸው። ቬትናምን ተመልሶ ያየ ጥቂት ነው። ያንተ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ዱባይ የነሱ አሜሪካ ነበረች። አንተ ቬትናምህ ውስጥ ተመልሰህ ገባህ፤ እናትህም እዚያ ነው ያለችው።

እስቲ ድሬን ከቀትር በኋላ አስባት። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሱቁ ይዘጋል። መንገዱ ጭር ይላል። ከአወዳይ በኩል መኪናው በደንገጎ ወርዶ ገብቷል። ሴቶቹ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዷ ጆንያውን ገለጥ አድርጋ ውሃ ረጨት ታደርግበታለች። ያ እርጥብ ቅጠል ሽታ ይመጣል። ምሳ በልተሃል፤ ዓይንህ ከበድ ከበድ ይላል። ስልክህ ይጠራል፤ «የት ነህ?» ነው። ከዚያ ፍራሽ፣ እጣን፣ ለውዝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሚሪንዳ። ደሞዝ የወጣ ዕለት ከሆነማ አትጠይቀኝ። እነዚህ ሁሉ ላንተ የፓቭሎቭ ሜትሮኖሞች ናቸው። ለዓመታት ከእያንዳንዳቸው ቀጥሎ ምርቃና፣ ያ የጫት ሞቅታ፣ መጥቷል።

ሰዓቱ እንኳ እንዲህ የጠበቀው በአጋጣሚ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ጠባዩ አምፌታሚን ወደሚባለው ጠንካራ አነቃቂ ይጠጋል። ቅጠሉ ተቆርጦ ሲቆይ ካቲኖኑ እየፈረሰ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ለዚህ ነው ጫት ትኩሱ የሚፈለገው፤ በኮባ የሚጠቀለለው፣ ሾፌሩም እንደዚያ የሚበረው። ትኩስ ስለሚፈለግ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት ይገባል። በታወቀ ሰዓት ስለሚገባ በታወቀ ሰዓት ይቃማል። እንዲህ አድርጎ ሰዓት የሚያስጠብቅ ነገር ደግሞ ለመማር የተመቸ ነው። አንጎልህ ከ8 ሰዓት በፊት መሰናዳት የጀመረው ለዚህ ነው።

መሰናዳት ስል ለማሳመር አይደለም። ወልፍራም ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ ለዝንጀሮዎች ጭማቂ እየሰጠ አንጎላቸውን ሲያጠና፣ ዶፓሚን የሚባለውን ከሽልማት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩትን ሴሎች ይከታተል ነበር። መጀመሪያ ሴሎቹ የሚነሳሱት ጭማቂው አፍ ሲገባ ነው። ዝንጀሮው «መብራት ሲበራ ጭማቂ ይመጣል» የሚለውን ሲማር ግን መነሳሳቱ ወደ መብራቱ ይዛወራል፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ነው። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ሴሎቹ ከወትሯቸውም በታች ይወርዳሉ። በ1990ዎቹ ከታወቁት ግኝቶች አንዱ ነው። አንተም ታውቀዋለህ። ዙርባውን ገዝተህ ወደ ቤቱ ስትሄድ ያለችው ደስታ ከመጀመሪያው ቅጠል ትበልጣለች። ሳትቅም የቀረህ ዕለት ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ዓለም የተደፋ ይመስልሃል። ሐራራ የምንለው ይሄው ነው።

ሰውነትም ለብቻው ይሰናዳል። ሼፐርድ ሲገል የተባለ ካናዳ ያለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1982 ያወጣው ጥናት አለ። አይጦችን ሄሮይን ቀስ በቀስ አስለመዷቸው። ከዚያ ለሁሉም ከባድ መጠን ሰጧቸው። በለመዱበት ክፍል ከወሰዱት 32 ከመቶ ያህሉ ሞቱ። ያንኑ መጠን በሌላ ክፍል ከወሰዱት 64 ከመቶ። ከዚያ በፊት ቀምሰውት ከማያውቁት ደግሞ 96 ከመቶ። መጠኑ አንድ፣ ልማዱ አንድ፣ የተለየው ክፍሉ ብቻ። የለመዱት ክፍል «ሊመጣ ነው» ብሎ ሲነግራቸው ሰውነታቸው በተቃራኒው እየገፋ ይጠብቀዋል። ጫት ሄሮይን አይደለም፤ ይሄን ላስፈራራህ አላመጣሁትም። ሰውነት ምልክት አይቶ መሰናዳቱ ግን በአልኮልም በቡናም ታይቷል። ከሰዓቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚመጣብህ ማዛጋትና መፍዘዝ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል። ምንጩ ድካም ብቻ አይደለም።

አጎትህ «ወኔ የለህም» ሲሉ ይሄን ሁሉ አያዩትም። አልፈርድባቸውም፤ ከውጭ ሲታይ እንደዚያ ይመስላል። ግን ስድባቸው ምን እንደሚያስተምርህ ልንገርህ። ቅጣት የሚሠራው ከድርጊቱ ጋር ሲገጥም ነው። ቅጠሉ አፍህ የገባው 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ስድቡ የሚመጣው ማታ። አንጎልህ ስድቡን ከጫቱ ጋር አያገናኘውም፤ ከአጎትህ ፊት ጋር እንጂ። ስለዚህ ከጫት ሳይሆን ከአጎትህ መሸሽ ትማራለህ። ከዚያ ማምሸት። ከዚያ «ጨብሲ» ብሎ፣ ምርቃናውን ለመስበር፣ ቢራ። ከብዙ ደንበኞቼ ቤት ይሄን አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እርግብና አይጥ ይዞ ያሳየው ትልቁ ነገር፣ ድርጊት የሚጠነክረው ቀጥሎ በሚያገኘው ነገር መሆኑን ነው። አሠራሩ ደግሞ ይገርማል። በእያንዳንዱ ጉርሻ የተሸለመ ልማድ ሽልማቱ ሲቀር ቶሎ ይተዋል። አንዳንዴ እየተሸለመ፣ አንዳንዴ እየቀረበት የተማረው ግን አይለቅም። ጫት እንደዚህ ነው። ሁሌ አይመረቅንም። አንዳንድ ቀን ቅጠሉ አይረባም፣ ጨዋታው አይሰምርም፣ ራስ ምታት ይዘህ ትነሳለህ። አንዳንድ ቀን ግን ያ ጨዋታ፣ ያ ሳቅ፣ ያ እቅድ! ዓለምን ገዝተህ ትወጣለህ። ጠዋት ስትነሳ የገዛኸው ሁሉ የለም፤ ይሄ ሌላ ነገር ነው። «ዛሬ ይሆን?» የምትለዋ ነገር ናት አጥብቃ የያዘችህ።

ሽልማቱም ቅጠሉ ብቻ አይደለም። ከጓደኞችህ ጋር መቀመጥ አለ። ሰው የሚሰማህ ሰዓት አለ። ከዱባይ የመጣ ሰው ደግሞ ይከበራል፤ ጋባዥ ትሆናለህ፣ ወሬህ ይደመጣል። ሳትቅም ስትቀር የሚመጣው ድብርትና ዱካክም መቃምህን ያጠነክረዋል፤ ቅጠሉ ያስወግድልሃልና። ስለዚህ ጫቱን ብቻ አንስተህ በቦታው ምንም ካላስቀመጥክ አይዘልቅም።

እሺ፣ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ሰዓቱን ያዘው። ጫት ማቆም በራሱ እንደ አልኮል ማቆም ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር አይደለም። ያለፈውን ጊዜ ታስታውሳለህ፤ እንቅልፍ፣ ድካም፣ ድብርት፣ ዱካክ፣ ከዚያ ይለቃል። እነዚህን ሳምንታት ከምልክቶቹ ራቅ። «ራቅ» ስል ቤት ተኛ ማለቴ አይደለም፤ ከምሳ በኋላ አልጋ ላይ ጣሪያ ማየት ለሐራራ በር መክፈት ነው። ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት እጅህም እግርህም የተያዘበት፣ ሰው ያለበት ቦታ ያስፈልግሃል። ሥራ ከሆነ እሰየው። ኮርስም ይሆናል፣ የዘመድ ሱቅ መቆምም ይሆናል። ጓደኞችህን አትቁረጣቸው። ጠዋት ከዚራ ዛፉ ሥር ቡና ጠጣ ከነሱ ጋር። ጠዋት ላይ እነሱም ሌላ ሰዎች ናቸው።

ብሩንም አስብበት። ደሞዝ ወይም የተላከ ብር እጅህ ሲገባ ያው ምልክት ነው። በዚያው ቀን ከፊሉን ለእናትህ አስተላልፍ፤ ከሰዓት ኪስህ የዙርባ ዋጋ አይኑረው።

ብዙ መካሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ «ራቅ» ብሎ ይሸኝሃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጫት ብዙም በሌለበት ከተማ ብትሆን እሺ። ድሬ እየኖርክ ከጫት መራቅ አትችልም፤ ለቅሶ ላይ አለ፣ ሠርግ ላይ አለ፣ አውቶቡስ ውስጥ አለ። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል መማር ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ ቀስ በቀስ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላህ ጫት ተራውን ጠዋት እለፍበት፤ ገበያው ገና ሳይደራ። ሲለምድህ ከሰዓት እለፍበት፤ የማይቅም ሰው አብሮህ ይሁን። ከዚያ 8 ሰዓት ላይ ተራው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ቁጭ በል። ሐራራው ሲመጣ አትሩጥ። ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ። ሳይወርድ ተነስተህ ከሄድክ የተማርከው መሸሽን ነው። ወርዶ ስታየው ግን አንጎልህ «ሜትሮኖሙ ቀጭ አለ፣ ምንም አልመጣም» ብሎ ይመዘግባል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትለማመድ። ከሱስ ጋር የሚሠሩ ክሊኒኮች ለታካሚው የሱሱን ዕቃ እያሳዩ ፍላጎቱን ለማብረድ ሞክረው ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ይበርዳል፤ ሰፈር ሲገባ ይነሳል። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲገመገሙ ውጤቱ ደካማ ነበር። የቡተንን አይጥ ካየህ በኋላ አይገርምህም። በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ከተለያየ ሰው ጋር የተማሩት ነገር ይሻላል። ስትለማመድ ሁሌ የምትይዘው አንድ ነገርም ይኑርህ፤ መቁጠሪያ፣ ሙስበሃ፣ ቁልፍ መያዣ፣ የፈለግከውን። አሳማኝ ምክንያት አለው። «ምንም አይመጣም» የሚለውን ትምህርት ሲማሩ አብሮ የነበረ ምልክት በሌላ ቦታ ሲገኝ ትምህርቱን ያስታውሳል። እንስሳት ላይ በሙከራ ታይቷል።

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር የምከታተለው። ቤቱ አዳማ ነው፤ ጫት አቁሞ እቤቱ ሲሆን ምንም አይለውም። ጭሮ ሲደርስ ግን መሪውን የያዘው እጁ ይላብ ነበር። ሁሌ የሚገዛው እዚያ ነበራ! ከረዳቱ ጋር ተስማሙ። ጭሮ ይቆማሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ረዳቱ ሻይ ያዛል፣ ሐራራው እስኪወርድ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ። ጭሮ ቀለለለት። ከዚያ ደንገጎ ቁልቁለቱ አናት ላይ ያዘው። እዚያም እንደዚያው አደረጉ። ሰውዬው በጣም ተናደደ፤ «ስንት ከተማ ላይ ነው የማቆመው?» አለኝ። በየገዛህበት፣ አልኩት። ከሁለተኛው ቦታ በኋላ ግን እያጠረ ሄደለት።

ያ የድሮው ቤትስ? መጨረሻ ላይ ነው፤ ባትገባበትም ምንም አይቀርብህም። እሱ ክፍል ውስጥ ፍራሹም እጣኑም ጀማውም በአንዴ ይመጡብሃል። ከዚያ መጀመር የለብህም።

ሦስተኛው ነገር ሽልማት ነው፤ ይሄን አደራ እንዳትዘለው። እዚያው ቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ሂጊንስ የተባለ ተመራማሪ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከኮኬይን ሱሰኞች ጋር የሠራው አለ። ሽንታቸው ይመረመራል። ንጹሕ ከሆነ ወዲያው የግዢ ኩፖን ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው 2.50 ዶላር ያህል። ንጹሕ ውጤቱ በተከታተለ ቁጥር ይጨምራል። ኮኬይን ከተገኘ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሰው ስቆበት ነበር፤ «ሱሰኛን በኩፖን?» ብሎ። ውጤቱ ግን ከተለመደው ምክር የተሻለ ሆነ። ዛሬ ለአነቃቂ አደንዛዦች ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው። ሚስጥሩ የብሩ ብዛት አይደለም፤ ወዲያው መምጣቱ ነው። ጫት የሚሸልምህ ዛሬ ከሰዓት ነው። ጤና፣ ትዳር፣ ቤት መሥራት የሚመጡት ከዓመታት በኋላ ነው። ለዛሬ ከሰዓት የዛሬ ማታ መልስ ያስፈልገዋል።

ለዚህ ነው አጎትህን የምፈልጋቸው። ስድቡን ይተዉና ገንዘብ ያዥ ይሁኑ። ለጫት የምታወጣውን ብር ጠዋት ለእሳቸው ስጥ። ሳትቅም ከዋልክ ማታ ከእጃቸው ትወስደዋለህ፤ እሳቸው ትንሽ ይጨምሩበት፣ በተከታታይ ቀን ሲሆን ጭማሪው ከፍ ይበል። ከቃምክ ያ ቀን ብሩ ለእናትህ እቁብ ይገባል፤ ጭማሪውም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ክርክር የለም፣ ስብከት የለም። መቃምህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልጋቸውም፤ ጉንጭህና ዓይንህ ይናገራል።

ከእናትህ ጋር ደግሞ «አስነክተውብህ» በሚለው አትጣላ። የምትጸልይልህ ከሆነ ትጸልይልህ። አንድ ነገር ብቻ ለምናት፤ ለጥቂት ሳምንት የከሰዓቱን ቡናና እጣን ወደ ጠዋት ታዙርልህ። ያ ሽታ ላንተ ቡና ብቻ አይደለም።

ብትሳሳትስ? ትሳሳት ይሆናል። አንድ ቀን መቃም የድሮውን ትምህርት ይቀሰቅሰዋል፤ በማግስቱ ሐራራው ከወትሮው ቢበረታ አትደንግጥ፣ የሚጠበቅ ነው። አደገኛው «ከቃምኩ አይቀር» ብለህ ሳምንቱን ስትሰጠው ነው። በማግስቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ፕሮግራምህ ተመለስ። የት እንደነበርክ፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደሸተተህ ጻፈው። ገና ያልተለማመድክበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ጠበቅ አድርጌ የምነግርህ። ሰው የሚከታተልህ፣ የሚያማህ ከመሰለህ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማህ፣ ለተከታታይ ሌሊቶች እንቅልፍ ካጣህ ወይም ራስህን ለመጉዳት ካሰብክ ይሄን ሁሉ ተወውና በአቅራቢያህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ዛሬውኑ ሂድ። ደረት የሚወጋህ ወይም ልብህ የሚዘል ከሆነም እንደዚያው፤ ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ማታ ማታ ቢራ የምትጨምር ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቅ ንገረው።

ዱባይን በተመለከተ፦ ሥራው ከጠቀመህ ሂድ። እዚያ እስካለህ ሳትቅም እንደምትኖር አልጠራጠርም። እንደ መድኃኒት ግን አትቁጠረው፤ ለሁለት ዓመት ሞክረኸው አይተኸዋል። ከመሄድህ በፊት ያሉህን ሳምንታት እዚህ ለመለማመድ ተጠቀምባቸው። ከሄድክም በኋላ ለእረፍት ስትመጣ ትኬቱን የቆረጥክ ዕለት አንድ ነገር ወስን፤ ድሬ በገባህበት ቀን 8 ሰዓት ላይ የት ነህ፣ ከማን ጋር ነህ። ለሚቀበልህ ሰው ቀድመህ ደውለህ ንገረው።